ሀዋሳ ላይ የሰው ቤት ስንጠብቅ ጊዜውን በምን እናሳልፍ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክረምት ሲገባ፣ የሠርግ ሰሞን ሲደርስ ወይም ዘመድ ለሕክምና አዲስ አበባ ሲሄድ ሀዋሳ ውስጥ ጠባቂ የሚፈልግ ቤት ይበዛል። ውጭ አገር የሚኖሩ ሰዎች ሠርተው የተዉት ቤትም አለ። ታዲያ "እስክንመለስ ቤቱን አደራ" ይባልና ቁልፉ እጃችን ይገባል። ሥራው ከባድ አይደለም። ቀኑ ግን አልገፋ ይላል። ጠዋት ግቢ ይጠረጋል፣ ውሻው ይበላል፣ ሮቶው ይታያል፣ ከዚያ በኋላ ገና ሦስት ሰዓት ነው።

የሰው ቤት እየጠበቁ የሚሠራ ነገር ሦስት ጠባይ ቢኖረው ጥሩ ነው። ጆሮን ከቤቱ አያርቅ። በር ሲንኳኳ ወዲያው አስቀምጠውት የሚነሱት ይሁን። የሰው ዕቃ አያበላሽ። ከታች ያሉትን መልሶች ስጽፍ ይህንን ይዤ ነው። አደራ ይቀድማል። እሱ ከተጠበቀ ግን ሀዋሳ ብቻውን ለተቀመጠ ሰው ብዙ የምትሰጠው ነገር አላት።

አንድ ወር ሙሉ ብቻዬን ልቀመጥ ነው። ቀኑን እንዴት ልከፋፍለው?

የሀዋሳን አየር ተከተሉ። ከተማዋ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጠዋት ቀዝቀዝ ይላል። ከአምስት ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ትበረታለች። ወደ ማታ ደግሞ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ይነሳል።

ስለዚህ እግር የሚፈልገውን ነገር ሁሉ ጠዋት ጨርሱት። የእግር ጉዞ፣ ገበያ፣ ጓሮ፣ ስፖርት የጠዋት ነው። እኩለ ቀን ላይ ጥላ ስር ተቀምጠው የሚሠሩት ይመጣል፤ ዳንቴል፣ ንባብ፣ ገበጣ፣ ሥዕል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በረንዳ ነው። ከተማዋ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነች ፀሐይ የምትጠልቀው በሐይቁ በኩል ነው። ቤቱ ፎቅ ከሆነ ወይም ወደ ምዕራብ ክፍት የሆነ ቦታ ካለው ያንን ሰዓት በሌላ ነገር አታሳልፉት።

ሁሉንም በአንድ ቀን ለመሥራት አትሞክሩ። በሳምንት አንድ አዲስ ነገር ይበቃል። ሰው የሚሰለቸው በመጀመሪያው ሳምንት ያለውን ሁሉ ሲጨርስ ነው።

ከቤት መውጣት እችላለሁ? ወይስ ቁጭ ማለት አለብኝ?

ይህንን ባለቤቶቹ ከመሄዳቸው በፊት ጠይቁ። በግልጽ ጠይቁ። "ጠዋት ጠዋት አንድ ሁለት ሰዓት ብወጣ ቅር ይላችኋል?" ማለት ነውር የለውም። አንዳንዱ ሰው ማታ ማታ ቤቱ ውስጥ ሰው ካለ ይበቃዋል። አንዳንዱ ደግሞ ቤቱ ለአንድ ሰዓት እንኳ ባዶ እንዲሆን አይፈልግም። ሳይነጋገሩ መገመት ነው ኋላ ቅሬታ የሚያመጣው።

ስትወጡ ለአንድ ጎረቤት ንገሩ። ለሁለት ሦስት ሰው አትንገሩ። ከመምሸቱ በፊት ተመለሱና የበረንዳውን መብራት አብሩ። እኔ በበኩሌ ለማምሻ ኳስ የሰው ቤት ዘግቶ መውጣት አይገባም ባይ ነኝ። ጨዋታው ያመሻል፣ ከዚያ ባጃጅ ፍለጋ አለ፣ ቤቱ ደግሞ ጨልሟል። ሬዲዮ ላይ መከታተል ይቻላል።

ከበረንዳ ሳልወርድ የሚያዝናና ነገር አለ?

አለ። ወፍ ማየት። ለሀዋሳ የተፈጠረ ነገር ነው ብል አላጋነንኩም። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ድምፅ የለውም፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይሠሩታል፣ ግቢውንም አብረው ያያሉ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ከ800 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ሐይቅ፣ ረግረግና ትልልቅ ዛፎች አንድ ቦታ የተገናኙባት ሀዋሳ ደግሞ ከዚያ ጥሩ ድርሻ አላት። መጀመሪያ ዓይን የሚገባው አባ ኮዳ ነው። ቁመቱ እስከ 1.5 ሜትር ይደርሳል። ራሱ መላጣ፣ አንገቱ ስር ኮረጆ የተንጠለጠለበት፣ ክንፉን አጥፎ ሲቆም ካቦርት የደረበ ሽማግሌ ይመስላል። ብዙ ሰው አባ ኮዳን የቆሻሻ ወፍ ብሎ ይንቀዋል። እኔ እወደዋለሁ። ቀስ ብሎ ሲራመድ፣ አንድ እግሩን አንስቶ ሲያስብበት፣ አሳ የሚያርድ ሰው እጅ ላይ ዓይኑን ተክሎ ሲጠብቅ አንድ ሰዓት ሳይታወቅ ያልፋል። ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል፤ ሲናደድ ወይም ሌላውን ሲጠራ መንቁሩን ነው የሚያንቋቋው። እግሩ ነጭ የሚሆነው ደግሞ በራሱ ኩስ ነው። ሙቀት ሲበረታበት እግሩ ላይ ይለቀዋል፣ ሲደርቅ ያቀዘቅዝለታል።

ከዚያ ቀጥሎ ትልልቅ ዛፍ ያለበት ግቢ ውስጥ መንቁሩ ላይ ሌላ ቀንድ የተደረበበት የሚመስል ትልቅ ጥቁርና ነጭ ወፍ አለ። ጩኸቱ ኃይለኛ ስለሆነ ጠዋት ደወል አያስፈልጋችሁም። ሾላ ሲያፈራ ይበዛል። ሐይቁ ዳር ካላችሁ ነጭ ራስና ነጭ ደረት ያለው አሳ የሚበላ ንስር ታያላችሁ። ከራሱ ኋላ ማጭድ የመሰለ ጉትዬ ያለው ቡናማ ወፍ ካያችሁ ደግሞ ተከተሉት። ጎጆው ዛፍ ላይ በጭራሮ የተሠራ ጉድ ነው፤ ስፋቱ ከአንድ ሜትር ሊያልፍ ይችላል።

እንዴት ይጀመራል? ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ። ስሙን ማወቅ ግዴታ አይደለም። ቀለሙን፣ መንቁሩን፣ ምን እንደሚበላ፣ ስንት ሰዓት እንደመጣ ጻፉ። ስልካችሁ ካሜራ ካለው አንሱት። በሳምንቱ መጨረሻ የትኛው ወፍ የጠዋት፣ የትኛው የማታ እንደሆነ ታውቁታላችሁ። አጉሊ መነጽር ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የባለቤቶቹን መነጽር ግን ሳትጠይቁ ከመሳቢያ አታውጡ።

ጦጣዎቹስ? ይገባሉ እየተባለ ነው።

ይገባሉ። በተለይ ሐይቁ አካባቢ ያሉ ሰፈሮች ውስጥ። መስኮት ክፍት ካገኙ ጠረጴዛ ላይ ያለ ሙዝና ዳቦ አይተርፍም። ምግብ አታሳዩዋቸው፣ በእጃችሁ አታብሏቸው። አንዴ የለመዱበትን ቤት አይረሱም። እናንተ ትሄዳላችሁ፣ ባለቤቶቹ ናቸው ከጦጣ ጋር የሚቀሩት። ከሩቅ ሆኖ ማየት ግን ደስ ይላል። ጉሬዛም ዛፎቹ ላይ ይታያል፤ እሱ ጨዋ ነው፣ ቅጠሉን እየበላ ከላይ ይቀመጣል።

እጄ ሥራ ካልያዘ አያስችለኝም። ምን ልጀምር?

ዳንቴል። መርፌዋንና ክሩን በአንዲት ፌስታል ይዞ መሄድ ይቻላል። በር ሲንኳኳ ቀለበቷን ላላ አድርጎ መርፌውን አውጥቶ መነሳት ነው። ሲመለሱ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ጀማሪ ከሆናችሁ ከትልቅ ነገር አትነሱ። የቴሌቪዥን ማልበሻ ወይም የሶፋ ልብስ ብላችሁ ከተነሳችሁ ግማሽ ላይ ይቀራል። የብርጭቆ ማስቀመጫ ክብ ሥሩ። አንድ ክብ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። ስድስት ከሞላ ለቤቱ እመቤት ስጦታ ይሆናል። ወንዶችም ብትሞክሩት ማንም አይከለክልም።

ጥልፍ፣ የልብስ ጥገና፣ የተበጠሰ ቁልፍ መትከልም ከዚህ ወገን ነው። ዓመት ሙሉ "እሰፋዋለሁ" እያላችሁ ያስቀመጣችሁትን ልብስ ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። ሥዕል የምትወዱ እርሳስና ወረቀት ይበቃል። ቀለም ግን የሰው ምንጣፍና ሶፋ ላይ አደገኛ ነው፤ የግድ ካላችሁ በረንዳ ላይ ጋዜጣ አንጥፉ። ክራር የሚለማመድ ሰው እኩለ ቀን ይምረጥ። ለጀማሪ ጣት ጎረቤት ሁሉ ትዕግሥት የለውም።

ገበጣና ዳማ መጫወት ፈልጌ ነበር። ዕቃው ግን የለኝም።

አያስፈልግም። እንቁላል የሚመጣበትን ካርቶን ፈልጉ። ሠላሳ እንቁላል የሚይዘው ካርቶን አምስት ረድፍ አለው፣ እያንዳንዱ ረድፍ ስድስት ጉድጓድ። ሁለቱን ረድፍ በመቀስ ቁረጡ። ሁለት በስድስት የሆነ ገበጣ ወጣላችሁ። ለጠጠር ሽምብራ ወይም ቡና ይሆናል። ሽምብራው ቢሻላችሁ ነው፤ ካርቶኑ ላይ ሲወርድ ድምፁ ይሰማል፣ ስትቆጥሩም አያምታታም።

የገበጣ ደንብ ከአገር አገር ይለያያል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ከመቶ በላይ ዓይነት መዝግበዋል። ሁለት ረድፍ አለ፣ ሦስት ረድፍ አለ፣ አራትም አለ። ስለዚህ ደንቡን ከስልክ ከመፈለግ የግቢውን ዘበኛ ወይም የጎረቤት አዛውንት ጠይቁ። "አባባ፣ እናንተ አገር ገበጣ እንዴት ነበር የምትጫወቱት?" ብትሏቸው ጨዋታው ብቻ አይደለም የሚመጣው። የከብት ጥበቃው፣ የልጅነቱ፣ መሬት ላይ የቆፈሩት ጉድጓድ ሁሉ ይከተላል።

ዳማም ቀላል ነው። ካርቶን ላይ ስምንት በስምንት ቤት አስምሩ። ጠጠሩ ቆርኪ ነው። የአንዱ ተጫዋች ፊቱን ወደ ላይ፣ የሌላው ወደ ታች። አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ቆርኪ ከሰፈሩ ሱቅ በነፃ ይገኛል። ብቻዬን ነኝ ካላችሁ ደግሞ ቼዝ ስልክ ላይ አለ። እኔ ግን ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ግንባሩን ቋጥሮ፣ ቆርኪውን አንስቶ መልሶ የሚያስቀምጥበትን ጨዋታ እመርጣለሁ። ዘበኛ ያለበት ቤት ከሆነ ደግሞ ከእሱ ጋር መግባባት ለቤቱም ይጠቅማል። በገንዘብ ብቻ አትጫወቱ።

ጓሮ ውስጥ አትክልት መትከል እችላለሁ?

ሳይጠይቁ መሬት አይቆፈርም። የሰው ጓሮ ውስጥ የተቀበረ የውኃ ቧንቧ አለ፣ ገና ያልበቀለ ዘር አለ። ያለውን መንከባከብ ግን ሁልጊዜም የተፈቀደ ነው። ሀዋሳ ብዙ ግቢ ውስጥ አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ሙዝና ቡና አለ። የደረቀ ቅጠል መልቀም፣ አረም መንቀል፣ የወደቀ ፍሬ ሳይበሰብስ ማንሳት፣ እነዚህ ሁሉ ጠዋት አንድ ሰዓት ያስይዛሉ። የበሰለ አቮካዶ መብላት ትችሉ እንደሆነ ጠይቁ። አብዛኛው ሰው "ኧረ ብሉ! ለማን ሊሆን?" ነው የሚለው።

የራሴ ነገር ይብቀልልኝ የሚል ሰው ፌጦ ይዝራ። በጠፍጣፋ ሳህን ላይ ጥጥ ወይም ስስ ጨርቅ አንጥፉ፣ አርጥቡት፣ ፌጦውን በትኑበት። በሁለት በሦስት ቀን ይፈነዳል፣ ከሳምንት በኋላ አረንጓዴ ሆኖ ይቆማል። ዘሩ ሲረጥብ በዙሪያው የሚያወጣውን ዝልግልግ ነገር ልጆች በጣም ይወዱታል። ከዚያ ቅጠሉን በመቀስ ቆርጦ ሰላጣ ላይ ነው። ቅመም ቅመም ይላል። አንድ ወር ለምትቆዩ ሰዎች ከዚህ የተሻለ የለም፤ ዘርታችሁ፣ አይታችሁ፣ በልታችሁ ትሄዳላችሁ።

ውኃ ስታጠጡ ማለዳ ወይም ማታ ይሁን። መጀመሪያ ግን ሮቶውን እዩ። ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ አበባው ቀርቶ ቤቱ ይቅደም፤ የሰሃንና የልብስ እጣቢ ለዛፎቹ ስር ይበቃል።

ምግብ ማብሰል እወዳለሁ። ሀዋሳ ላይ ምን ልሞክር?

አሳና ዳጣ። ሌላውን ሁሉ ሌላ ከተማም ታበስሉታላችሁ።

ለአሳው ማለዳ ሐይቁ ዳር ወዳለው የአሳ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ውረዱ። ጀልባዎቹ ሌሊት የተጣለውን መረብ ይዘው የሚገቡት ጠዋት ነው። አብዛኛው ቆሮሶ ነው፤ አምባዛም አለ። ትኩስ አሳ በዓይኑ ይታወቃል። ዓይኑ ጥርት ያለና ጎላ ያለ፣ ከራሱ ጎን ካለው ሽፋን ስር ያለው መተንፈሻው (ስንጥቡ) ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት የሚመለስ ይሁን። እዚያው ቅርፊቱን የሚያነሱና ሆድ ዕቃውን የሚያወጡ ልጆች አሉ። ትንሽ ከፍላችሁ እዚያው አስጨርሱ። ለምን? ቅርፊት የሰው ማድ ቤት ውስጥ ሲበተን ግድግዳ ላይ ሳይቀር ይለጠፋል፣ ሲደርቅ ደግሞ አይለቅም። ሆድ ዕቃውም ለአባ ኮዳዎቹ ሲሳይ ነው። ቤት ወስዳችሁ ቅርጫት ውስጥ ብትጥሉት ግን በማግሥቱ ግቢው ይሸታል።

ለጥብስ አሳው ሳይቆራረጥ ጎንና ጎኑ በስለት ይተለተላል። ትልታሎቹ ተጠጋግተው ይሁኑ፤ ጥቃቅኑ አጥንት የሚጠበሰው ዘይቱ ውስጥ ሲገባ ነው። ጨው፣ ሎሚ፣ ትንሽ ዱቄት። ከዚያ የጋለ ዘይት። ሽታው መጋረጃ ላይ እንዳይቀር የውጭ ማድ ቤት ካለ እዚያ ጥበሱ፤ ከሌለ የሳሎኑን በር ዘግታችሁ የማድ ቤቱን መስኮት ክፈቱ። ገበያው ላይ ጥሬውን በዳጣ የሚበሉ ታያላችሁ። ቤት የሚጠብቅ ሰው ብቻውን ሆኖ ሆዱን ባይሞክርበት እመክራለሁ። የበሰለውም በቂ ነው።

ዳጣው የእጅ ሥራ ነው። አረንጓዴ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ ጨው። ሙቀጫ ካለ በሙቀጫ ውቀጡት። በማሽን የተፈጨው ውኃ ያበዛል፣ መዓዛውም ይቀንሳል። መጀመሪያ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ከጨው ጋር አድቅቁ፣ ከዚያ በሶብላውን፣ መጨረሻ ላይ ቃሪያውን ጨምሩ። ቃሪያው መጨረሻ ሲገባ ሙሉ በሙሉ ሳይልም ይቀራል፤ ጥሩነቱም እዚያ ላይ ነው። ሎሚ ጭመቁበት። እጃችሁን በሳሙና ሳትታጠቡ ዓይናችሁን አትንኩ። የሲዳማ ጎረቤት ካላችሁ ቆጮና ቡሪሳሜ የሚባለው ባህላዊ ምግባቸው እንዴት እንደሚሠራ ጠይቁ። በጽሑፍ አይገባም፤ አጠገባቸው ተቀምጦ ማየት ነው።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። ከሰል ዝግ ቤት ውስጥ አይለኮስም። ዝናብ ቢዘንብ፣ ቢበርድ፣ ቡና ቢያምር እንኳ። ጭሱ የጠፋ ፍምም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ አይሸትም፣ አይታይም፣ ይገድላል። ብቻውን ያለ ሰው ደግሞ የሚቀሰቅሰው የለም። በረንዳ ላይ አፍሉ።

መብራት ሲጠፋስ ምን ይሠራል?

መጀመሪያ ቆጣሪውን እዩ። ቅድመ ክፍያ ከሆነ ካርዱ አልቆ ሊሆን ይችላል። ሰፈሩ ሁሉ ጨልሞ ከሆነ ወንበር ይዛችሁ ወደ ግቢ ውጡ። ሻማ ለኩሶ መተኛት በሰው ቤት አይደረግም። የእጅ ባትሪ ያዙ። ረጅም እጅጌም ልበሱ፤ ሀዋሳ የወባ አገር ናት፣ የምትናከሰዋ ትንኝ ደግሞ የምሽትና የሌሊት ናት። ስትተኙም አጎበር።

ከዚያ ቀና በሉ። ሀዋሳ ከምድር ወገብ ሰባት ዲግሪ ብቻ ነው ወደ ሰሜን የምትርቀው። ስለዚህ አውሮፓ ያለ ሰው የማያያቸውን ከዋክብት ታያለች። በሚያዝያና በግንቦት ምሽት ሰማዩ ከጠራ ወደ ደቡብ ዙሩ። አራት ከዋክብት መስቀል ሠርተው ዝቅ ብለው ይታያሉ። የደቡብ መስቀል የሚባለው እሱ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ደግሞ ከላይ ተጠጋግተው እንደ ጭስ የሚታዩ ትንንሽ ከዋክብት አሉ፤ ስድስት ወይም ሰባት መቁጠር ከቻላችሁ ዓይናችሁ ጤነኛ ነው።

ሰማይ ማየት እዚህ አገር የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ አይደለም። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ መቼ እንደሚውል የሚነግሩት አያንቶዎች የሚባሉ ሽማግሌዎች ናቸው። የከዋክብቱንና የጨረቃን አካሄድ አይተው ነው ቀኑን የሚለዩት። በዓሉ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የእናንተ ቆይታ ከበዓሉ ጋር ከተገጣጠመ በዓሉ የሚከበርበት ጉዱማሌ አደባባይ ሄዳችሁ እዩ። ጎረቤቶቻችሁንም "አይዴ ጫምባላላ" በሏቸው። ያን ቀን ቤቱን ማን እንደሚያይ ብቻ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

መጽሐፋቸውን ማንበብ፣ ቴሌቪዥናቸውን ማየት ይቻላል?

ሳሎን ያለውን መጽሐፍ አዎ። መኝታ ቤት ያለውን አይሆንም። ገጽ አትጠፉ፣ ምግብ እየበላችሁ አታንብቡ፣ ከነበረበት መደርደሪያ መልሱት። ቴሌቪዥን ማየትም ይቻላል፤ ድምፁን ግን የግቢው በር ሲንኳኳ እስከሚሰማ ድረስ ዝቅ አድርጉት። ዋይፋይ በጥቅል የሚከፈል ከሆነ ፊልም እያወረዱ አይጨርሱትም።

ስወጣ የት ልሂድ? አጭር ጊዜ ነው ያለኝ።

ፍቅር ሐይቅ የሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ለጠዋት እግር ጉዞ። ዳር ዳሩን መሄድ ነው። ነፋሱም ጥሩ ነው፣ ወፍም ይታያል። ጉልበት ያለው ታቦር ተራራ ይውጣ። ረጅም አይደለም፣ ከላይ ሆኖ ከተማዋም ሐይቁም ይታያል። ብቻችሁን አትውጡ፣ በጠዋት ውጡ። የምትጠብቁትን ቤት ጣራ ከዚያ ሆኖ መፈለግ ራሱ ጨዋታ ነው።

ሀዋሳ ሜዳ ስለሆነች ብስክሌት ለመንዳት ከብዙ ከተሞቻችን ትሻላለች። ባለቤቶቹ ብስክሌት ካላቸውና ከፈቀዱ ጎማውን ነፍታችሁ ተጠቀሙበት።

ጀልባ ላይ ስትወጡ የመንሳፈፊያ ጃኬት ጠይቁ። ሐይቁ 90 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ቀላል አይደለም። ጉማሬ ካያችሁ "ጠጋ በልልን" አትበሉ። መዋኘትም አልመክርም፤ ከጉማሬው ሌላ ቢልሃርዚያ አለበት። ዋና ያማረው ሰው የሆቴል መዋኛ ከፍሎ ይግባ።

ጓደኞቼን ልጥራ?

ለግብዣ አይሆንም። ለቡና ጎረቤት መጥራት ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን ጀበና ጥዳችሁ፣ ፈንዲሻ ወይም ቆሎ አቅርባችሁ አጠገብ ያሉትን እትዬንና ልጃቸውን "ቡና ጠጡ" በሉ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪደርስ ሰፈሩን ታውቁታላችሁ። ውኃ መቼ እንደሚመጣ፣ ቆሻሻ የሚወስደው ጋሪ በየትኛው ቀን እንደሚያልፍ፣ የትኛው ውሻ እንደሚናከስ የምትሰሙት እዚያ ነው። ሲኒ ከተሰበረ አትደብቁ፣ ገዝታችሁ ተኩ።

ፎቶ አንስቼ ቲክቶክ ላይ ብለጥፍስ?

ወፉን፣ ሐይቁን፣ ዳጣውን ለጥፉ። ቤቱን አትለጥፉ። "ቪላ ውስጥ ብቻዬን" ብሎ መጻፍ ለሌባ መንገር ነው። የሰፈሩ ስም፣ የበሩ ቀለም፣ ሳሎኑ ውስጥ ያለው ዕቃ አይታይ። የቤተሰቡ ፎቶ ግድግዳ ላይ ካለ ከኋላችሁ እንዳይገባ ተጠንቀቁ። የወፎቹንም ቪዲዮ ቢሆን ከወጣችሁ በኋላ ብትለቁት ይሻላል።

ማታ ድምፅ እሰማለሁ፣ እንቅልፍ አይወስደኝም። ምን ላድርግ?

ብዙዎች ይህንን በሹክሹክታ ነው የሚጠይቁት። ማፈር የለበትም። የማያውቁት ቤት በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ያስፈራል። ድምፆቹን በቀን ማወቅ ይረዳል። አቮካዶ ወይም ማንጎ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲወድቅ ድንጋይ የተወረወረ ያህል ነው፤ ወርዶ ተንከባሎ በአሸንዳው በኩል ሲያልፍ ሰው የሄደ ይመስላል። ከዚያ ዝም ይላል። ትልልቅ ወፎች ጣራ ላይ ሲራመዱም ይሰማል። ሮቶው ሲሞላ ቧንቧው ይጮኻል። ዳር አካባቢ ጅብም ሊሰማ ይችላል። ጠዋት ተነስታችሁ ግቢው ውስጥ የወደቀውን ፍሬ ስታገኙት ሌሊት የሰማችሁት እሱ እንደነበር ታውቃላችሁ።

የምሽት ልማድ አብጁ። በሮቹን አንድ ጊዜ በቅደም ተከተል ቆልፉ፣ ከዚያ ደብተራችሁን አውጡና የቀኑን ውሎ ጻፉ። ቆጣሪው ስንት ላይ እንዳለ፣ ማን እንዳንኳኳ፣ ውኃ መጥቶ እንደሆነ፣ የትኛው ወፍ እንደታየ። ይህ ደብተር ለእናንተ ማስታወሻ ነው፤ ባለቤቶቹ ሲደውሉም "ሁሉ ሰላም" ከማለት ያለፈ መልስ ይኖራችኋል። ሬዲዮ ዝቅ አድርጎ መክፈትም ይረዳል። እውነት የሚያሰጋ ነገር ከሰማችሁ ግን አትውጡ፤ መብራት አብሩ፣ ለዘበኛው ወይም ለጎረቤቱ ደውሉ። ቁጥራቸውን ቀን ላይ ያዙ።

ሊመለሱ ነው። የጀመርኩት ሁሉ አላለቀም።

ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ሥራውን አቁሙ። ዳንቴሉን ጠቅልላችሁ ሻንጣ ውስጥ ክተቱ፤ የክር ቁራጭ ከሶፋው ስንጥቅ ልቀሙ። የፌጦው ሳህን ይታጠብ። ሽምብራው ወደ ዕቃው ይመለስ። የአሳ ዘይት የነካውን መጥበሻ እንደገና በሙቅ ውኃና በሎሚ እጠቡት። አልጋ ልብስ ታጥቦ ይሰጣ፤ በሀዋሳ ፀሐይ በግማሽ ቀን ይደርቃል።

ከዳጣው ግን አንድ ብልቃጥ አስቀሩላቸው፤ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከላይ ዘይት ፈሰስ ተደርጎበት። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ደክሟቸው ነው የሚገቡት። ትኩስ እንጀራ ከሰፈር ሱቅ ግዙና ምሳውን አብራችሁ ብሉ። ቁልፉን ከዚያ በኋላ ነው የምታስረክቡት፤ ቆጣሪውንና ሮቶውን አብራችሁ አይታችሁ።